ያልረገጡትን መለካት



የሰው ልጅ እግሩ ያልረገጠውን፣ እጁም ያልዳሰሰውን ስፍራ «ይህን ያህል ይርቃል» ብሎ ለመናገር መብት አለው ወይ? መብቱስ ካለው፣ እውነት ተናገረ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ ነው? ለዚህ እትም ያቀረብነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄውን የምንመረምረውም ከሁሉ በራቀው ነገር፣ ማለት በከዋክብት ርቀት ነው። «ይህ ከራሽን ሰልፍና ከውኃ ቦቴ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በዚህ ካምፕ ውስጥ ከዱቄት ቀጥሎ በብዛት የሚታደለው ነገር ስለ ሩቅ ስፍራ የሚወራ ወሬ ነው። ዱቄቱ ይሰፈራል፤ ወሬው ግን አይሰፈርም። ስለሆነም መስፈሪያ የሚሆን ነገር ብንፈልግ የሚነቅፈን አይኖርም ብለን እናምናለን።

በአገራችን ገጠር ርቀት የሚለካው በጊዜ ነው። «የሁለት ቀን መንገድ ነው»፣ «ጧት ብትነሣ ለማታ ትደርሳለህ» ይባላል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ መንገደኛ ብርሃን መሆኑ ብቻ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ዓመት የሚጓዘው ወደ 9 ትሪሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይኸውም «አንድ የብርሃን ዓመት» ይባላል። የራዲዮ ሞገድም የብርሃን ወንድም ስለሆነ በባዶ ሕዋ ውስጥ በዚሁ ፍጥነት ይሄዳል።

በገጠራችን ግን ሌላም አነጋገር አለ። መንገደኛ ደክሞት «አገሩ ገና ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባላገሩ በአገጩ እየጠቆመ «እዚያች ማዶ ናት፤ ደርሰሃል» ይለዋል። መንገደኛው ማዶውን ሲሻገር ሌላ ማዶ ይጠብቀዋል። ድንበር ያቋረጥን ሰዎች ይህን ቃል ደጋግመን ሰምተነዋል። እንግዲህ ባላገሩ ዋሽቷል እንበል? በአንድ በኩል የደከመ እግርን አንቀሳቅሷል፤ ይህ ቸርነት ነው። በሌላ በኩል ግን «ደርሰሃል» የተባለ ሰው በኮዳው የቀረችውን ውኃ እዚያው ይጨርሳታል። ቸርነትና ጥፋት ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቃል ወጡ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት፣ ያልረገጡትን በመለካት ሥራ ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ እንመልከት።

በ1967 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆስሊን ቤል የተባሉ የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ለዶክትሬት ዲግሪ ይማሩ ነበር። ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። ከመምህራቸው ከአንተኒ ሂዊሽና ከጥቂት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሠርተው ነበር። ቴሌስኮፕ ሲባል መስታወት ያለበት ቱቦ አይምሰላችሁ። ይህኛው ወደ ሁለት ሄክታር በሚጠጋ ሜዳ ላይ፣ በእንጨት ምሰሶዎችና በሽቦ የተወጠረ ከ2,000 የሚበልጥ አንቴና ነበር። ወጣቷ ተማሪ ምሰሶውን በመዶሻ ከመትከል ጀምሮ በሥራው ተካፍለዋል። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር የሰማዩን ድምፅ በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ በብዕር ይጽፍ ነበር። በየቀኑ የሚወጣው ወረቀት ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነበር። ያንን ሁሉ በዓይን ማንበብ የጆስሊን ቤል ድርሻ ነበር።

በነሐሴ ወር በወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ የተዝረከረከች ምልክት አዩ። የሚፈልጉት ዓይነት የሰማይ ምንጭ አትመስልም፤ ከመኪና ወይም ከሰው ራዲዮ የመጣ ረብሻም አትመስልም። ሌላ ሰው ቢሆን «የብዕሩ ጥፋት ነው» ብሎ ባለፋት ነበር። እርሳቸው ግን የቀድሞዎቹን ወረቀቶች ገለባብጠው ሲያስተያዩ፣ ምልክቷ ስትታይ ሁልጊዜም ከአንድ የሰማይ ክፍል መምጣቷን ተገነዘቡ። የምትመለሰውም በየ24 ሰዓቱ ሳይሆን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ነበር። ይህ የከዋክብት መመለሻ ሰዓት ነው። የሰው ሥራ ሁሉ በፀሐይ ሰዓት ሲሄድ፣ ይህቺ ግን የምትሄደው በከዋክብት ሰዓት ነበር። በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ማለት በኖቬምበር 28 ቀን፣ ወረቀቱ በፍጥነት እንዲሮጥ ተደርጎ ምልክቷ ስትመዘገብ፣ በየ1.337 ሰከንዱ የምትመታ ትርታ ሆና ተገኘች።

እንዲህ ያለ የተስተካከለ ትርታ ከሰማይ ሲመጣ ያን ጊዜ የታወቀ ነገር አልነበረም። ሊቃውንቱ ነገሩን በቀልድ «ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስም ሰጡት። ሆኖም ለጋዜጣ ከመሮጥ ይልቅ ለመመርመር ተቀመጡ። ትርታው በሌላ ፀሐይ ዙሪያ በምትዞር ዓለም ላይ ካለ ሰው የሚላክ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ዓለም ወደ እኛ ስትቀርብና ስትርቅ ትርታው ሊፈጥንና ሊዘገይ ይገባው ነበር። ቢመረምሩ የራሳችን ምድር እንቅስቃሴ ካልሆነ በስተቀር ሌላ አላገኙም። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ቤል በሌላ የሰማይ ማዕዘን ሁለተኛ ትርታ አገኙ። ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ለእኛ ይልካሉ ማለት የማይመስል ነገር ነው። ግኝቱ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የታተመው በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1968 ነው። እነዚህ የትርታ ምንጮች ከዚያ በኋላ «ፑልሳር» ተባሉ።

ፑልሳር የአንድ የሞተ ትልቅ ኮከብ ቅሪት ነው። ክብደቱ ከፀሐያችን የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በራሱ ዛቢያ ላይ በፍጥነት ሲሽከረከር፣ በወደብ ላይ እንደሚዞር የመርከቦች መብራት የራዲዮ ጨረሩን ያዞራል። ጨረሩ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት እንሰማለን። የመሽከርከሩ ሥርዓት ጽኑ ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ፑልሳሮች ከምርጥ ሰዓቶቻችን ጋር የሚወዳደሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ይህ መብራት ምን ያህል ይርቃል? ማንም አልሄደበትም፤ የሚሄድበትም የለም። የደረሰን ትርታው ብቻ ነው።

በክረምት መብረቅ ሲበርቅ ብልጭታውን እናያለን፤ ነጎድጓዱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ የቆጠረ ሰው፣ ለየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ቢያስብ መብረቁ የወደቀበትን ርቀት በግምት ያውቃል። አንድ ላይ የተነሡ ሁለት መልእክተኞች በተለያየ ሰዓት ሲደርሱ፣ የመዘግየታቸው ልዩነት የመንገዱን ርዝመት ይናገራል። ፑልሳርም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ምት በአንድ ጊዜ በረጅምም በአጭርም ሞገዶች ይነሣል። ሕዋው ፍጹም ባዶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በደረሱ ነበር። ነገር ግን በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ፍጹም ባዶ አይደለም፤ ከአቶም የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች ተበትነውበታል። እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በአማካይ በአንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጡም። ይሁንና መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሥራቸው ይጠራቀማል። ረጅሙን ሞገድ ይበልጥ ያዘገዩታል፤ አጭሩን እምብዛም አይነኩትም። በመጀመሪያው ፑልሳር ላይ ብንመለከተው፣ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞገድ ከ73 ሴንቲ ሜትሩ ሞገድ ከሰባት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ከብዙ መቶ ዓመታት ጉዞ በኋላ የተፈጠረው መለያየት ሰባት ሰከንድ ነው! የርቀቱ ወሬ ያለው በእነዚህ ሰባት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን፤ የጽሑፋችን ዋና ጭብጥ በዚህ ስለሚገኝ ነው። ሰባቱ ሰከንድ በቀጥታ የሚነግሩን ርቀቱን አይደለም። የሚነግሩን ሞገዱ በመንገዱ ላይ በጠቅላላው ምን ያህል ኤሌክትሮን እንዳጋጠመው ነው። ብዙ ኤሌክትሮን ያለበት አጭር መንገድና ጥቂት ኤሌክትሮን ያለበት ረጅም መንገድ አንድ ዓይነት መዘግየት ያመጣሉ። ጭቃ የበዛበት የአንድ ቀን መንገድና ደረቅ የሆነው የሦስት ቀን መንገድ መልእክተኛን እኩል ሊያዘገዩት እንደሚችሉ ማለት ነው። ስለዚህ ርቀቱን ለማግኘት ከተሰማው ነገር ላይ አንድ ግምት መጨመር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የኤሌክትሮኑ ብዛት ግምት ነው።

በ1968 የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲታተም፣ ሊቃውንቱ በየአምስቱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ኤሌክትሮን አለ ብለው ስለ ገመቱ ፑልሳሩ ከ200 የብርሃን ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው አሉ። በኋላ እንደ ታወቀው ግን ኤሌክትሮኖቹ ከዚያ በእጅጉ የሳሱ ናቸው። ዛሬ ያ ፑልሳር ወደ 1,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል ተብሎ ይገመታል። ይህን በደንብ እንመልከተው። ሰባቱ ሰከንድ ያኔም ሰባት፣ ዛሬም ሰባት ናቸው። የተሰማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ግምቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ሐሰተኞች ያልተባሉበትም ምክንያት ይኸው ነው። የሰሙትን ለብቻው፣ የገመቱትንም ለብቻው ስላስቀመጡ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሰው ግምቱን አንሥቶ በተሻለ ግምት ሊተካው ቻለ። ሁለቱን ደባልቀው «ርቀቱ ይህ ነው፤ አለቀ» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ስሕተቱ ሲገለጥ እውነቱም አብሮ በተጣለ ነበር።

ግምቱ የሚሻሻለውስ እንዴት ነው? ከሌላ ስፍራ ሆኖ በማየት ነው። አንባቢ አንድ ጣቱን ከፊቱ አቁሞ በቀኝ ዓይኑ ብቻ፣ ቀጥሎም በግራ ዓይኑ ብቻ ይመልከት። ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ድንኳን አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስለዋል። ጣቱን ባራቀው መጠን መለዋወጡ ያንሳል። ምድራችንም በፀሐይ ዙሪያ ስለምትዞር፣ በጥር የነበረችበትና በሐምሌ የምትገኝበት ቦታ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እነዚህ ሁለት ዓይኖቻችን ናቸው ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ራዲዮ ቴሌስኮፖች ተባብረው አንዱን ፑልሳር በተለያዩ ወራት ሲያዩት፣ እጅግ ጥቃቅን የሆነ የቦታ ለውጥ ያገኛሉ። በዚህ ዘዴ ኤሌክትሮን መገመት አያስፈልግም። ቬላ በሚባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ውስጥ ያለው ፑልሳር ለብዙ ዓመታት 1,600 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል ሲባል ቆይቶ፣ በ2001 እና በ2003 በታተሙት የዚህ ዓይነት ልኬቶች ወደ 950 የብርሃን ዓመት ዝቅ ብሏል። እንዲህ በሌላ መንገድ የተለኩት ፑልሳሮች ደግሞ በየአቅጣጫው ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ያሳውቃሉ፤ ያም በመዘግየት ብቻ ለሚለኩት ለሌሎቹ መስፈሪያ ይሆናል። ጆሴፍ ቴይለርና ጄምስ ኮርድስ በ1993 ያሳተሙት የኤሌክትሮን ካርታ በዚህ መልክ የተሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች እያሻሻሉት መጥተዋል። ሁለት ምስክር ያለው ነገር፣ አንድ ምስክር ብቻ ላለው ነገር ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም በተሻለ የተለካው በደቡብ ሰማይ የሚገኝ፣ በ1993 የታወቀና በአንድ ሰከንድ ከ170 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ፑልሳር ነው። ርቀቱ 512 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ በልኬቱ ላይ የተጻፈው የስሕተት መጠን ከአንድ የብርሃን ዓመት በታች ነው። እዚህ «የስሕተት መጠን» የተባለው ምንድን ነው? በእነዚህ ሊቃውንት ሥርዓት ማንኛውም የርቀት ቁጥር ብቻውን አይጻፍም። ከአጠገቡ «ከዚህ ባያንስ፣ ከዚያ ባይበልጥ» የሚል ሁለተኛ ቁጥር ይኖራል። ሁለተኛው ቁጥር የሌለበት ልኬት እንደ ልኬት አይቆጠርም። በመዘግየት ብቻ የተለካ ፑልሳር ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ሰፊ ነው፤ በሁለት ዓይን የታየ ከሆነ ግን ይጠባል። አንባቢ ሆይ፣ የዕውቀት ክብር ያለው በመጀመሪያው ቁጥር ይመስልሃል? እኛ እንደሚመስለን በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የኮከቡን ርቀት ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን የተናጋሪውን ታማኝነት ይናገራል።

አሁን ወደ ካምፓችን እንመለስ። «የምንመለሰው ለፋሲካ ነው»፤ «የለም፣ ከእንግዲህ መመለስ የሚባል ነገር የለም»። እነዚህ ሁለት ቃላት በየቀኑ በውኃ ቧንቧው ዙሪያ ሲታገሉ እንሰማለን። ሲታዩ ጠላቶች ይመስላሉ፤ በመሠረቱ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም ሁለተኛ ቁጥር የሌላቸው ልኬቶች ናቸው። ጉዳታቸውም ከወሬ አልፎ በኑሮ ላይ ይታያል። «ለፋሲካ እንገባለን» ያለ አባት ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት አያስመዘግብም፤ ፋሲካ ያልፋል፤ ሌላ ፋሲካም ይመጣል፤ ልጁ ግን ፊደል ሳይቆጥር ጢም ያበቅላል። «መመለስ የለም» ያለችው እናት ደግሞ ለልጇ የመንደሯን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የአያቷን ስም መንገር ትተዋለች፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ልጇ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የመጀመሪያው ውኃውን ገና በመንገድ ሳለ የጨረሰ ነው፤ ሁለተኛዋ ኮዳዋን የደፋች ናት።

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል። «እናንተ መምህራን ናችሁ፤ በቁጥር ትጫወታላችሁ። ሕዝብ ግን በጥርጣሬ አይኖርም። ሰው ለመኖር ተስፋ ያስፈልገዋል፤ ተስፋ ደግሞ ቀን ሲቆረጥለት ነው።» ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ማድበስበስም አንፈልግም። የባላገሩ «ደርሰሃል» ብዙ እግሮችን አንቀሳቅሷልና። ቢሆንም ሁለት ነገር እንመልሳለን። አንደኛ፣ በተቆረጠ ቀን ላይ የቆመ ተስፋ ዕድሜው እስከዚያ ቀን ብቻ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ተስፋውም፣ የተናገረውም ሰው አብረው ይወድቃሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት ቢናገር እንኳ የሚሰማው የለም። ሁለተኛ፣ «ምናልባት ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም አሥር» የተባለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ለሁለቱ ዓመት ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ ለአሥሩ ደግሞ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ በድንኳኑ ጥግ ዛፍ ይተክላል። ይህ ሰው ተስፋ አልቆረጠም፤ በሰፊ ቁጥር ውስጥ መኖርን ተማረ እንጂ። ስለሆነም ጥርጣሬን በልኩ መናገር የተስፋ ጠላት ነው ማለት አይቻልም።

እንግዲህ በባላገሩ ላይ ምን እንፍረድ? ስለ ውሸቱ ወንጀለኛ አንለውም። ነገር ግን ከእርሱ የሚሻል ቸርነት ነበረ። ፑልሳሩ ስለ ርቀቱ ከመናገሩ በፊት የሚናገረው በመካከል ስላለው ነገር እንደሆነ አይተናል፤ ሞገዱ የመንገዱን ወሬ ተሸክሞ ይመጣል። ባላገሩም «ገና ነው፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ማዶ ሥር ምንጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ውኃ የለም» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ያለ ውሸት ጉልበት በሰጠ ነበር። ለመንገደኛ ከርቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው በመካከል ያለውን ማወቅ ነው።

የራስን አገር አድራሻ ስለ መናገርም ፑልሳሮች የሚያስተምሩን ነገር አለ። በ1972 እና በ1973 አሜሪካኖች ፓዮኒር 10 እና ፓዮኒር 11 የተባሉ መንኮራኩሮችን ሲያመጥቁ፣ በእያንዳንዱ ላይ የብረት ሰሌዳ ለጥፈው ነበር። በ1977 የተላኩት ሁለቱ ቮዬጀሮችም በያዙት የድምፅ ሸክላ ሽፋን ላይ ያንኑ ካርታ ይዘዋል። ምናልባት በሩቅ ዘመን የሚያገኛቸው ፍጡር ቢኖር «ከወዴት መጡ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ እንዲሆነው ታስቦ ነው። በካርታው ላይ የምድር ስም የለም፤ ስም ለማያውቅ ሰው ስም ምን ይጠቅመዋል? ያለው ከፀሐያችን ወደ 14 ፑልሳሮች የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የፑልሳሩ ትርታ ልክ በጥንቃቄ ተጽፏል። ካርታውን የነደፉት ፍራንክ ድሬክ ሲሆኑ፣ የሐሳቡ ተካፋይ ካርል ሴጋን ነበሩ። ርቀቶቹ በጊዜው በእርግጠኝነት የሚታወቁ አልነበሩም፤ ትርታዎቹ ግን ይታወቁ ነበር። ስለዚህ የካርታው ክብደት በሚታወቀው ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ምልክቶቹም 14 በመሆናቸው፣ ጥቂቶቹ ቢጠፉ የቀሩት ቤቱን ያሳያሉ። በተጨማሪም ፑልሳሮች በዝግታ እየደከሙ ስለሚሄዱ፣ የተጻፈውን ትርታ በዚያን ጊዜ ከሚሰማው ጋር ያስተያየ ሰው ካርታው መቼ እንደ ተጻፈ ማወቅ ይችላል።

ልጆቻችን እዚህ ተወልደዋል፤ ወይም ነፍስ ሳያውቁ መጥተዋል። «አገራችን የት ነው?» ሲሉን አንድ ስም ብቻ እንነግራቸዋለን። የቀበሌና የወረዳ ስም ግን እንደሚለወጥ ከማንም ይልቅ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ምልክት አይበቃም። ፀሐይ የምትወጣበት ተራራ የትኛው ነው? ወንዙ ወደየት ይፈስሳል? ገበያው በምን ቀን ይውላል? የየትኛው ደብር ደወል ወይም የየትኛው መስጊድ አዛን ይሰማል? ለክረምት መሻገሪያው በየት ነው? እርግጠኛ የሆንበትን ለይተን እንንገራቸው። ከዚህም ጋር የወጣንበትን ዓመት እንጨምር። እኛ የምናውቀው አገር የዚያን ዓመት አገር ነውና፤ ከዚያ ወዲህ ትርታው ትንሽ ሳይለወጥ አልቀረም።

ስለ ጆስሊን ቤል የቀረውን ሳንነግር ብንቀር ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። በ1974 ከፑልሳር ግኝት ጋር የተያያዘው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለአንተኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ፣ ያቺን ትንሽ ምልክት በወረቀቱ ላይ ያዩት ተማሪ ስማቸው አልነበረበትም። ብዙዎች ይህን ፍርደ ገምድል ነው ብለው ተቃውመዋል። በ2018 ግን ፕሮፌሰር ጆስሊን ቤል በርኔል 3 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ሌላ ታላቅ ሽልማት አገኙ። ገንዘቡን ለራሳቸው አላደረጉትም። በፊዚክስ ምርምር ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ወገኖች የትምህርት መርጃ እንዲሆን በሙሉ ሰጡት። እነዚያም ሴቶች፣ አናሳ ብሔረሰቦች፣ ስደተኞችም ጭምር ናቸው። ስደተኛ የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ ተጠርቷል። በኪሳችን የገባ ነገር አለ ለማለት ይህን አልጻፍንም፤ መርጃው ለብሪታንያና ለአየርላንድ የዶክትሬት ተማሪዎች ስለሆነ ወደዚህ ካምፕ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። የጻፍነው ወጣቶቻችን፣ በተለይም ሴቶች ልጆቻችን፣ የታላቅ ነገር መነሻ አንዳንድ ጊዜ ሌላው ሰው የተዝረከረከ ብሎ የሚንቀውን ምልክት ሳይንቁ ደጋግሞ ማየት እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። ለዚህ ደግሞ ወረቀት፣ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

በመጨረሻ ለአንባቢያን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል ተረታችን። እኛም ወሬ ነጋሪው ራሱ አራት ነገር እንዲጨምርበት እንጠይቃለን። ከአገር ቤት ወይም ከሌላ ካምፕ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው፣ ወይም በዚህ መጽሔት ላይ ሊጽፈው የፈለገ ሰው፣ እነዚህን ለይቶ ይንገረን። አንደኛ፣ በጆሮው የሰማው ወይም በዓይኑ ያየው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ወሬው ከተነሣበት ስፍራ የወጣው መቼ ነው? በየት በኩልስ አልፎ መጣ? ሦስተኛ፣ በሌላ መንገድ ከመጣ ሰው ጋር አስተያይቶታል ወይ? አራተኛ፣ ከራሱ የጨመረው ግምት የቱ ነው? አራቱን ለይቶ የተናገረ ሰው ወሬው ከጊዜ በኋላ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በእኛ ዘንድ ሐሰተኛ አይባልም። አራቱን ደባልቆ የሚናገር ግን፣ በአጋጣሚ እውነት ቢሆንለት እንኳ፣ ቃሉን ተማምነን ኮዳችንን አንከፍትም።

በዚህ አስተሳሰብ የማይስማማ አንባቢ፣ በተለይም «የባላገሩ ቸርነት ይበልጣል» የሚል ካለ፣ ተቃውሞውን በጽሑፍ ቢያደርስልን በሚቀጥለው እትም ሳናሳጥር እንገለብጠዋለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።